ስሙ ያልዞረ ማኪና

ፀዳ፣ ጎንደር
ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

ሰላምታዬ ከዚያ አገር በረዶ ቀድሞ ይድረስህ። እኔ ከወገቤ በቀር የሚያጉረመርምብኝ የለም፣ ተመስገን። እናትህም ደህና ናት። ጉልበቷ ከመኝታዋ እስከ በሩ ካልሆነ አላራምድ አላት እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ ትናንትም ሸሚዝህ ቆሽሿል ብላ ሳልቀይር አላስወጣ አለችኝ። ሐኪሙ የጨውና የቅባት ክልከላውን አንስቶላታል። "ከእንግዲህ የወደዱትን ይብሉ እናቴ" አላት። የላክኸው መድኃኒት ደርሷል፤ ለጊዜው ሌላ አትላክ፣ ያለው ይበቃታል።

ስልክ እያለ ምነው ደብዳቤ ትለኝ ይሆናል። በስልክ እኔና አንተ ምን እንደምንባባል ታውቀዋለህ። "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ።" "እማዬስ?" "ደህና ናት፣ ላገናኝህ።" አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ አልፈን አናውቅም። ለእረፍት የመጣችው የጎረቤታችን ልጅ ቤዚ ነገ ወደ እናንተ ስለምትመለስ በእጇ ይድረስህ ብዬ ነው። አብሮ የታሸገ ፖስታ አለ። እሱን አሁን አትክፈተው፤ መጀመሪያ ይሄን ጨርስ። ችኩል ነህና ነው ደጋግሜ የምነግርህ።

በቤዚ ስልክ የላክኸውን ድምፅ ሰባት ጊዜ አስደግሜ ሰማሁት። በሰባተኛው ቤዚ "ጋሼ፣ እንዳይደክምዎት በወረቀት ልጻፍልዎት?" አለችኝ። ያልከውን በቃሌ ይዤዋለሁ። "አባዬ፣ ማኪና ልገዛ ነው። ሁለት መቀመጫ ያለው፣ ጣሪያው የሚከፈት የስፖርት ማኪና። ሁለት አግኝቻለሁ። አንዱ አዲስ ነው፣ ከፋብሪካ የወጣ። አንዱ ስድስት ዓመት ያገለገለ ነው። ያገለገለውን ከገዛሁ ለጥምቀት መምጫ ይተርፈኛል። አዲሱን ከገዛሁ ግን ሁለት ሦስት ዓመት አገሬን አላይም። አንተ ማኪና ታውቃለህ፤ የትኛውን ልግዛ?"

መጀመሪያ ልቆጣህ ነበር። ሰው በሚበርድበት አገር ጣሪያው የሚከፈት ማኪና ምን ይሠራልሃል፣ ደግሞ ሁለት መቀመጫ፣ እኔና እናትህ ብንመጣ አንዳችንን ኮፈኑ ላይ ልታስቀምጥ ነው ወይ ልልህ ነበር። ተውኩት። ከአራት ዓመት በኋላ የጠየቅኸኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። አባቴ ያውቃል ብለህ መጠየቅህ ደስ ብሎኝ አምሽቻለሁ።

የመካኒክ መልስ ከሆነ የፈለግኸው፣ ወዲያው ነበረኝ፤ ያገለገለውን ግዛ። አዲስ ማኪና ከሻጩ ግቢ ወጥቶ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳያልፍ ዋጋው ይወርዳል። ያገለገለው ጠባዩን አውጥቶ ጨርሷል። ኪሎ ሜትሩን ግን አትመን፣ እሱ ይቀነሳል። የፍሬን ፔዳሉን ጎማ እይ፤ ብዙ የተነዳ ከሆነ አልቆ ታገኘዋለህ። ምንጣፉን ገልጠህ አሽትት። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ሻጩ ሽቶ ቢደፋበት እንኳ የውኃው ሽታ አይለቅም። ጣሪያውን ራሱን ሦስት ጊዜ አስከፍተህ አስዘጋው፤ በሦስተኛው ከተንቀረፈፈ ተወው። እናንተ አገር መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ አሉ፤ በክሪክ አስነሥተህ ሆዱን እይ፣ ዝገት ፈልግ።

አባት ሆኜ ብመልስልህም ያው ነው። ያገለገለውን ከገዛህ ትመጣለህ። እናትህ ከመስከረም ጀምራ ጋቢህን አሳጥባ ከትራሷ አጠገብ አስቀምጣለች። "ምን ወሰነ?" ትለኛለች በየጠዋቱ። እንግዲህ በዚያው ቀን "ያገለገለውን ግዛና ና" ብዬ ድምፄን ልልክልህ ነበር።

ግን እንዲህ ያለ ማኪና በእጄ ነክቼ አላውቅም። አርባ ዓመት አዘዞ ጋራዥ ውስጥ ከፊያት እስከ ቶዮታ ሞተር ፈትቻለሁ፤ ጣሪያው የሚከፈት አንድም ቀን ገብቶልኝ አያውቅም። ያልነካሁትን ማኪና ግዛ ብሎ መምከር ያሳፍረኛል። ስለዚህ ላየው ሄድኩ።

ከተማችን ውስጥ ለሠርግ የሚከራይ አንድ ቀይ አለ፤ አዳነ የሚባል ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣው ነው። የዛሬ አሥር ቀን እሑድ፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ሰው ሠርጉን በሚያጣድፍበት ሰሞን፣ ቀሐ፣ ፋሲል መዋኛ በር ላይ አቁሞት አገኘሁት። ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሱ ገብተዋል። አዳነ ኮፈኑ ላይ የተጋደመውን አበባ ያስተካክላል።

"አያ በላቸው፣ ምነው፣ ሊድሩኝ ነው ወይስ ሊያገቡ?" አለኝ።

"ልጄ እንዲህ ያለ ሊገዛ ነው። እስቲ ልቀመጥበትና ልየው" አልኩት።

"አንዱዓለም? ስዊድን ያለው?"

"አዎ" አልኩ።

አስገባኝ። መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፤ ወገቤን ይዤ ነው የገባሁት። አንዲት ቁልፍ ሲጫን ጣሪያው እየተጣጠፈ ከኋላ ገባና ሰማዩ ራሴ ላይ ሆነ። አልዋሽህም፣ ደስ ይላል። በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ መሪ ይዤ ቀና ብዬ ዛፍ ሳይ ደስ አለኝ። ምነው ይሄን ፈለገ ያልኩትን በዚያ ሰዓት ተውኩት።

የለመደብኝ ነገር ነውና "ሊብሬውን አሳየኝ" አልኩት። ከኪሱ አወጣልኝ። መነጽሬን አድርጌ ሳየው ስሙ የሱ አይደለም።

"ይሄ ማነው?"

"የመጀመሪያው ባለቤት ነው። ከሱ የገዛው ሰው ስም አላዞረም፤ እኔም ስገዛ አላዞርኩም። በውክልና ነው የምነዳው።"

"ሰውየው የት አለ?"

"ሞቷል አሉ።"

"ወካዩ ከሞተ እኮ ውክልናው አበቃ። እንዴት በሞተ ሰው ስም ትነዳለህ?"

"ማን ያውቅብኛል ብለው ነው አያ? ምን ጎደለበት? ሥራ እሠራበታለሁ፣ እንጀራ እበላበታለሁ፣ ማኪናው እንደሆነ ይሄዳል" አለኝና ሳቀ።

መነሣት አቃተኝ። አዳነ ወገቤ የያዘኝ መስሎት በብብቴ ገብቶ አወጣኝ። ወገቤ አልነበረም። ያለኝን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ የተናገርኩት እኔው ነኝ። የዛሬ አራት ዓመት ደውለህ "አባዬ፣ እውነቱን ቀርበህ መስክርልኝ፣ በራሴ ስም ልኑር" ስትለኝ "ምን ጎደለህ? ተማርክበት፣ ፓስፖርት አወጣህበት፣ እንጀራ በላህበት፣ ተወው" አልኩህ። ከዚያ በኋላ ነው "ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ" የጀመርነው።

ልጄ፣ ከቀሐ እስከ ፒያሳ በእግሬ መጣሁ። ያን ቀን ቆረጥኩ።

አንተ የምታውቀው፣ ወንድምህ አንተ ሳትወለድ መሞቱንና የልደት ወረቀቱ ላንተ መዋሉን ነው። ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን እውነቱን አልነገርኩህም። አሁን ልንገርህ።

አንዱዓለም በ1982 ዓ.ም. ኅዳር 12፣ የሚካኤል ለት፣ በኩፍኝ ሞተ። ዓመት ከአሥር ወሩ ነበር። "ማኪና" ማለት ጀምሮ ነበር፤ አጥርቶ አይደለም፣ ግን ይል ነበር። አንተ በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ፣ መንግሥት በተለወጠ በወሩ ተወለድክ። በሱ ብርድ ልብስ ታቀፍክ። የሱ ቆብ ለራስህ ጠቦህ እናትህ ከኋላው ቀደደችልህ። ስምህንም ምትኩ ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በኛ አገር ልጅ የሞተበት ሰው ለሚከተለው እንዲህ ብሎ ያወጣል፤ ማንም ክፉ አላሰበም። ያን ጊዜ ሸጋ ስም መስሎኝ ነበር።

አምስት ዓመት ከሦስት ወር ሲሆንህ ትምህርት ቤት ካልገባሁ ብለህ አለቀስክ። ሰባት ያልሞላው አንቀበልም አሉ። ሣጥኑ ውስጥ የአንዱዓለም የልደት ወረቀት አለ፤ ሞቱን ያስመዘገበ ሰው የለም። በሱ አስገባሁህ። ቤት ምትኩ፣ ትምህርት ቤት አንዱዓለም ሆንክ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ልጁ ፈጣን ነው፣ ሁለት ዓመት ለምን ያቃጥላል" እል ነበር። ሰውም አመነኝ፣ አንተም አመንከኝ።

ውሸቴን ነው። ያን ቀን አንተን ካስገባሁ በኋላ ወደ ጋራዥ አልሄድኩም። ከክፍላችሁ መስኮት ሥር ቆምኩ። መምህርቷ ስም እየጠራች ደረሰች፤ "አንዱዓለም በላቸው" አለች። አንተም ቤት እንዳስጠናሁህ "አቤት" አልክ። ልጄ፣ ያን "አቤት" ለመስማት ነው ያደረግሁት። ስሙ ሲጠራ የሚመልስ ልጅ እንዲኖረኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እዚያ መስኮት ሥር እየቆምኩ ሰማሁት። ላንተ ምን እንደሚሆን አንዴም አላሰብኩም። ይሄ ነው እውነቱ፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ስትመረቅም ትዝ ይልሃል። በ2004 አንዱዓለም በላቸው ተብሎ ሲጠራ እናትህ እልል ብላ እልል ብላ ከወንበሯ ወደቀች፣ ደግፈን አነሣናት። ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላ ወንበር ሆነህ "እማዬ፣ እልል ያልሽው ለማን ነው?" አልካት። እኔም መሪ ይዣለሁ ብዬ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሣሁም።

ከቀሐ የመጣሁ ለት ለእናትህ ሁሉንም ነገርኳት፣ የመስኮቱንም ጭምር። ቃል የሚቀበሉበት ቢሮ ሄጄ ልመሰክር ነው አልኳት። ይሄን ሁሉ ዓመት "ሞተ" የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ "ያኔ" ነው የምትል። "ያኔ ብርድ ነበር"፣ "ከያኔ ወዲህ ያን ቤተ ክርስቲያን አልሳለምም"። በኋላ "እኔንም ውሰደኝ" አለች።

ትናንት ሄድን። የድሮ የጋራዥ ባልደረባዬን ወልደኢየሱስን ለምስክር ጠራሁት፤ ቀብሩ ላይ ነበረ። እናትህን ከባጃጅ አውርዶ በወንበር ያስገባልኝም እሱ ነው። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፍናት። ጸሐፊዋ ሄለን የምትባል ልጅ ናት፣ አክባሪ ናት፣ ወረፋ ሳታስጠብቅ ጠራችን። እኔ ቃሌን ሰጠሁ። ሄለን ኮምፒውተሯን አይታ ግራ ገባት።

"አባባ፣ አንዱዓለም በላቸው እኮ ፓስፖርት ያለው ሰው ነው። በሕይወት ያለ ሰው ሞተ እያሉ ነው?" አለችኝ።

እኔ ማስረዳት ብጀምርም ነገሩን አምታታሁት። ሄለን ወደ እናትህ ዞረች።

"እናቴ፣ ስንት ልጅ ወልደዋል?"

"ሁለት።"

"አንዱዓለም የሚባለው የት ነው ያለው?"

እናትህ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ወልደኢየሱስ አቀርቅሯል። እኔ ላቋርጥ ነበር፣ በእጇ ከለከለችኝ።

"አንዱዓለም ሞቷል" አለች። "በኅዳር ሚካኤል ነው የሞተው፤ ጡቴን እንደያዘ ነው የሞተው። ስዊድን ያለው ሁለተኛው ልጄ ነው። እሱ ሕያው ነው፤ እሱን ጻፊልኝ።"

ሄለን ጻፈች። እናትህ ፈረመች፤ ፊርማው ከመስመሩ ወጥቷል፣ ታየዋለህ። ፖስታው ውስጥ ያለው ይሄ ነው፣ ከነማኅተሙ።

እዚያ አገር ያሉ ሰዎች ወረቀቱን እንዴት እንደሚያዩት አላውቅም። አስቀድመህ ሕግ አዋቂ ጠይቅ። የሚጎዳህ ከሆነ ለማንም አታሳየው፣ ከሣጥንህ ሥር አኑረው፤ እኛ እውነቱን መመስከራችንን ብቻ እወቅ። የማይጎዳህ ከሆነ ስምህን አዙር። ማኪናውን ከዚያ በኋላ ግዛ። እንደ አዳነ በሌላ ሰው ሊብሬ አትንዳ።

ስሙንም ራስህ ምረጥ። ከላይ "ልጄ" ብቻ ብዬ የጀመርኩት ስምህን ረስቼ አይደለም። ሦስት ጊዜ ምትኩ ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። አንዱዓለም የሱ ነው፤ ምትኩም ብልህ የማስበው እሱን ነው። አንተን ብቻ ብዬ የጠራሁበት ስም የለህም። የመረጥከውን ላክልኝ፣ በዚያው እጠራሃለሁ። ይቅር በለኝ ማለት ለአባት ከባድ ነው፤ ይኸው ብያለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ትናንት በባጃጅ ስንመለስ እናትህ "ለጥያቄው ምን ብለህ ልትጽፍለት ነው?" አለችኝ።

"ያገለገለውን ግዛና ለጥምቀት ና ልለው ነው" አልኳት።

"አይሆንም" አለች። "ይሄ ልጅ መቼ አዲስ ነገር አግኝቶ ያውቃል? ብርድ ልብሱ የሰው፣ ቆቡ የሰው፣ ስሙ የሰው። አሁንም ሰው የተቀመጠበት ወንበር ላይ ሂድና ተቀመጥ ልትለው ነው? አዲሱን ይግዛ በለው።"

"ጥምቀትስ?"

"ጥምቀት በየዓመቱ አለ" አለችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ማታ ጋቢህን ከትራሷ አጠገብ አንሥታ እግሯ ላይ ጣል አደረገችው። ብርድ ብርድ አላት መሰል።

ስለዚህ አዲሱን ግዛ። መካኒኩ ያገለገለውን ይላል፣ እሱን አትስማው። እናትህ አዲሱን ብላለች። እኔም ጻፍ ያለችኝን ጽፌያለሁ። ስትነዳው ጣሪያውን ክፈተውና አንድ ቀን ደውልላት፣ ነፋሱን ትስማ። ቶሎ ደውልላት። አብዛኛውን ጊዜ ትተኛለች፤ ጠዋት ግን ነቅታ ታገኛታለህ።

ከፊትህ ያለውን ጠመዝማዛ ሁሉ የሚያውቅ እሱ መሪህን ይያዝልህ። ዝናብ ሲመጣ ቶሎ የሚዘጋ ጣሪያ፣ ደክሞህ ስትገባ በስምህ የሚጠራህ ሰው አይንሳህ። እናትህ ጉንጭህን ስማለች፤ እኔም ግንባርህን።

አባትህ፣
የሁለት ልጆች አባት፣
በላቸው ክንዱ